በብዛት የሚታዩ የእግር ቆዳና የጥፍር ችግሮች፤ ምልክታቸው፣ ጥንቃቄያቸውና ሕክምናቸው

በአራዳ፣ በፒያሳ አቅራቢያ የሚገኘው እሪ በከንቱ ስያሜውን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ በቀድሞው ዘመን በዚያ ሲያልፍ ቀማኛ የገጠመው መንገደኛ እሪ ቢልም የሚደርስለት ባለመኖሩ ነው። ዛሬ አካባቢው ከማለዳ እስከ ምሽት እግረኛ የማይለየው ነው። ዕቃ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ከካፌና ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ሁሉ የዕለት ኑሮው በእግሩ ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ እግር ብዙ ጊዜ ለምርመራ የሚቀርበው ዘግይቶ ነው።

በእግር ቆዳና ጥፍር ላይ ከሚታዩት ችግሮች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። በሳሙና፣ በንጹሕ ውኃና በአግባቡ በታዘዘ ቅባት በቅርብ ጤና ጣቢያ ይድናሉ። የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያም እግር ባለቤቱን ዕረፍት ስለሚነሣው ዞሮ ዞሮ ወደ ሕክምና ይወስደዋል። በአንጻሩ አካል ጉዳት ከሚያስከትሉትና እግር እስከ መቆረጥ ከሚያደርሱት ሁኔታዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ያለ ሕመም ነው። ስለሆነም ተገልጋዮች ከዚህ በታች ከቀረቡት ነጥቦች ውስጥ ሕመም የማይሰማውን እግር የሚመለከተውን ክፍል በተለየ ትኩረት እንዲያነቡት ይመከራል።

በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣ ፈንገስ

ይህ ችግር ጭርት ከሚባለው የቆዳ በሽታ ወገን ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚጀምረው በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይረጥባል፣ ይላላጣል፤ ያሳክካል፤ አንዳንድ ጊዜም መጥፎ ጠረን ይኖረዋል። ሲቆይ ወደ ውስጥ እግር ተስፋፍቶ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ዱቄት የተነሰነሰበትም ያስመስለዋል። ፈንገሱ የሚፈልገው ሙቀትና እርጥበት በመሆኑ፣ በክረምት ወራት የራሰ ጫማ ሳይደርቅ በማግሥቱ መልሶ ማድረግ፣ የፕላስቲክ ቦቲ ያለ ካልሲ አጥልቆ መዋል፣ እንዲሁም በጋራ መታጠቢያ ቤት በባዶ እግር መቆም ለበሽታው ያጋልጣሉ። ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ ጫማ ውስጡ ታጥቦ ወይም ተወልውሎ፣ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መደረግ የለበትም።

መከላከያው ውድ አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉ ምእመናን እግራቸውን ደጋግመው ስለሚታጠቡ ካልሲ ከማጥለቃቸው በፊት የጣቶቻቸውን መካከል ቢያደርቁ ከችግሩ ይጠበቃሉ። ካልሲ በየቀኑ መቀየር አለበት። ሁለት ጥንድ ጫማ ያለው ሰው እያፈራረቀ ቢያደርግ አንደኛው እስኪደርቅ ጊዜ ያገኛል፤ ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ማታ ማታ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ውስጡን ከፍቶ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማኖር ይጠቅማል።

ለሕክምናው እንደ ክሎትሪማዞልና ሚኮናዞል ያሉ ፀረ ፈንገስ ቅባቶች ያገለግላሉ። ቅባቱ እንደየዓይነቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በተከታታይ ይቀባል። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚቆም ብዙዎች ሳይጨርሱ ያቋርጡታል፤ በሽታው ተመልሶ የሚመጣበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለ ቅባት አጠቃቀም አንድ ጉዳይ ጠንከር ተደርጎ ሊነገር ይገባል። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማንኛውም የሚያሳክክ ቆዳ ሲቀቡ ይታያል። እነዚህ ቅባቶች ማሳከኩንና መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፉ በሽታው የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን የሰውነት መከላከያ በተዳከመበት ቆዳ ላይ ይበልጥ ይስፋፋል፤ መልኩንም ስለሚቀይር በኋላ ለሚመረምረው ባለሙያ ጭምር ለመለየት ያስቸግራል። ጎረቤትን የፈወሰ ቅባት ለሌላው ሰው መድኃኒት ነው ማለት አይደለም።

የጥፍር ችግሮች

በጣቶች መካከል ያለው ፈንገስ ሳይታከም ሲቆይ ወደ ጥፍር ይገባል። ጥፍሩ ይወፍራል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ከጫፉ ይሰባበራል፣ ከሥጋውም ይላቀቃል። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ታድሶ ለማደግ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ስለሚወስድ፣ በሽታው ቢድን እንኳ መልኩ የሚስተካከለው ቀስ በቀስ ነው። በዚህ ደረጃ ቅባት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የሚዋጥ መድኃኒት ለወራት መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መድኃኒቱ በጉበት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችልም በባለሙያ ክትትል ካልሆነ በስተቀር መወሰድ የለበትም። ደግሞም የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። በጠባብ ጫማ ለዓመታት የተጨቆነ ወይም በከባድ ዕቃ የተመታ ጥፍርም ይወፍራል፤ በመሆኑም ረጅም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ከጥፍሩ ናሙና ተወስዶ ቢመረመር ይመረጣል።

ወደ ሥጋ የሚያድግ ጥፍር በአብዛኛው የሚመጣው ከአቆራረጥ ስሕተት ነው። የጥፍሩን ማዕዘን አጎድጉዶ መቁረጥ ሲያድግ ሥጋውን እንዲወጋ ያደርገዋል፤ ጫፉ ሹል የሆነ ጠባብ ጫማ ደግሞ ያባብሰዋል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ፣ ከጣቱ ጫፍ እኩል፣ ማዕዘኖቹ ሳይጎደጎዱ ይቆረጣል። ገና ሲጀምር እግርን ለብ ባለ ጨው የተጨመረበት ውኃ ውስጥ በቀን ጥቂት ጊዜ መዘፍዘፍና ሰፊ ጫማ ማድረግ ሊያሻሽለው ይችላል። መግል ከያዘ፣ ጣቱ ካበጠና ከቀላ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው ጣቱን አደንዝዞ የገባውን የጥፍር ክፍል ያወጣዋል። በቤት ውስጥ በምላጭ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ከሕመሙ የባሰ መዘዝ ያመጣል።

በውበት ሳሎን ፔዲኪዩር የሚሠሩ ደንበኞች መቁረጫውና መፋቂያው ከሰው ሰው ሲተላለፍ ንጽሕናው በሙቀት ወይም በኬሚካል መጠበቁን የመጠየቅ መብት አላቸው። ደም የነካ ስለታም መሣሪያ ፈንገስን ብቻ ሳይሆን የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በጥፍር ሥር የሚወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ወይም በውስጥ እግር ላይ የሚታይ፣ ቅርጹና መጠኑ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ አያምም። ጫማ የመታው ወይም ደም የረጋበት ነው ተብሎ ለወራት መተው የለበትም።

የተረከዝ መሰንጠቅ፣ የጠጠረ ቆዳ፣ ኪንታሮትና ሙጀሌ

የተረከዝ መሰንጠቅ በአዲስ አበባ ደረቅ የበጋ አየርና ተረከዝን ክፍት በሚተው ነጠላ ጫማ ይባባሳል። ማታ እግርን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ የወፈረውን ቆዳ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያም እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ቀብቶ በካልሲ ማደር በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ስንጥቁ ከደማ ወይም ከቀላ የጀርም መግቢያ ስለሚሆን ሕክምና ያስፈልገዋል።

የጠጠረ ቆዳ ጫማ ደጋግሞ በሚፈትግበት ቦታ ላይ የሚመጣ ነው፤ ጫማው ካልተቀየረ ሕክምናው አያዛልቅም። የእግር ኪንታሮት ከዚህ የሚለየው በመካከሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ስለሚታዩበትና ከጎንና ከጎን ሲጫኑት ስለሚያም ነው። መነሻው ቫይረስ ሲሆን፣ በተለይ በልጆች ላይ በጊዜ ብዛት በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም በምላጭ መግፈፍ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ሙጀሌ እግር ቆዳ ውስጥ የምትገባ ጥቃቅን ቁንጫ ናት። በብዛት የምትገኘው አቧራማ ወለል ባላቸው ቤቶችና ከብት ባለበት ሲሆን፣ በከተማ ከገጠር ሲመለሱ ይዘዋት የሚመጡ ሰዎች ላይ ትታያለች። በጋራ መርፌ ቁልፍ መፈልፈል ቁስሉን ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍንም ሊያስከትል ይችላል። በጤና ተቋም በንጹሕ መሣሪያ ወጥታ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ አስፈላጊ ሲሆን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል።

ሕመም የማይሰማው እግር

የስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቆይ የእግርን ነርቮች ይጎዳል፤ የደም ዝውውርንም ያዳክማል። ታማሚው መጀመሪያ መደንዘዝ፣ ጉንዳን የሚሄድበት መምሰል ወይም ሌሊት ሌሊት ማቃጠል ይሰማዋል። በኋላ ይህም ይጠፋል። ብዙዎች ማቃጠሉ ሲተዋቸው የተሻላቸው ይመስላቸዋል፤ እንዲያውም አደጋው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁር ውሎ አይታወቅም። በክረምት ብርድ እግሩን ወደ ከሰል ምድጃ ያስጠጋ ሰው ቆዳው እስኪቃጠል ላይሰማው ይችላል። ውኃ የቋጠረው ቦታ ይፈነዳል፣ ይቆስላል፣ ጀርም ይገባዋል፤ ሕመም ስለሌለም ባለቤቱ የሚያየው ካልሲው ላይ እርጥበት ሲያገኝ ወይም ጠረኑ ሲለወጥ ነው። እግር ከሚያስቆርጡ ቁስሎች ብዙዎቹ እንዲህ ካለ ትንሽ ነገር የተነሡ ናቸው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየምሽቱ እግሩን ከላይም፣ ከሥርም፣ በጣቶች መካከልም ሊመለከት ይገባል። ጎንበስ ማለት የሚከብደው ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው መስታወት ወለል ላይ አኑሮ ማየት ይችላል፤ ከዚህ የሚሻለው ግን የቤተሰብ ዓይን ነው። ለአባት ወይም ለእናት እግር ማጠብ በእኛ ቤት የክብር ሥራ ነው፤ ማታ እግር የሚያጥብ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቁስልን ከሁሉ ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል። የውኃውን ሙቀት መለካት ያለበት ታማሚው በእግሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ነው። ጫማ ከማድረግ በፊት እጅን አስገብቶ ውስጡን መዳሰስ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አለመሄድ፣ አዲስ ጫማን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአጭር ሰዓት ብቻ ማድረግ ያስፈልጋል። የጠጠረ ቆዳንና ወደ ሥጋ የገባ ጥፍርን የስኳር ታማሚ በቤቱ ሊነካካው አይገባም። ማንኛውም ቁስል፣ ባያምም፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ለባለሙያ መታየት አለበት።

ሁለተኛው የማደንዘዝ ምክንያት የሥጋ ደዌ ነው። ኢትዮጵያ የበሽታውን ስርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10,000 ሰዎች ከአንድ ታማሚ በታች ያደረገችው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም አዳዲስ ታማሚዎች አሁንም ይገኛሉ። ከአካባቢው ቆዳ የገረጣ ወይም የቀላ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት፣ የእግር መደንዘዝ፣ የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ማለት፣ በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ የማያም ቁስል ምልክቶቹ ናቸው። በሽታው በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር የሚወስድ ሲሆን መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ቀደም ብሎ የጀመረ ሰው አካል ጉዳት ሳይደርስበት ይፈወሳል፤ አንዴ የተጎዳ ነርቭ ግን በመድኃኒቱ ላይመለስ ይችላል።

በጅማ መንገድ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ማዕከል ነው። ከዚያ በፊትም በስፍራው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነበር። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ተያይዞ በመቆየቱ ወደዚያ የሪፈር ወረቀት ሲጻፍላቸው የሚደነግጡና ወረቀቱን ኪሳቸው ውስጥ የሚያስቀሩ አሉ። አለርት ዛሬ ማንኛውንም የቆዳ በሽታ የሚያክም ሆስፒታል በመሆኑ ወደዚያ መላክ የሥጋ ደዌ አለብህ ማለት አይደለም። ቢኖርበትም እንኳ የሚድን በሽታ ነው።

የሚያብጥ እግር

በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውና በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ተብሎ የሚታወቀው የእግር እብጠት ከወባ ትንኝ፣ ከእርግማን ወይም ከዘር ኃጢአት የሚመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ፣ በተፈጥሮም ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያስቆጣሉ። ይህን ግንኙነት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አስረድቶ ለበሽታው ስም ሰጥቷል። በሽታው በዝናባማ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምና በወላይታ ጭምር በብዛት ይታያል። በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው የተገመተ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም ይፋ በሆነው ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ተካቷል።

ጉዳዩ አራዳን የሚመለከተው በሌላ በኩል ነው። ለቀን ሥራ ወደ ፒያሳና አካባቢው ከሚመጡ ወጣቶች መካከል ልጅነታቸውን ያለ ጫማ ያሳለፉ አሉ። ከተማ ገብተው ጫማ ካደረጉም በኋላ የፊት እግር ማሳከክና ማቃጠል፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ሊጀምራቸው ይችላል። ይህ ደረጃ ሊመለስ የሚችልበት ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ባለሙያው ባዘዘው መጠን በቀጠነ ፀረ ጀርም ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ዘወትር ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግና ባለሙያ ሲያዝ በፋሻ ማሰር እብጠቱን ይቀንሳል። በድንገት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የእግር መጋልና የብሽሽት ሕመም ከተነሣ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

ታማሚዎች እግራቸውን በረጅም ልብስ ሸፍነው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሠርግና ከዕድር የሚቀሩት ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይን ስለሚከብዳቸው ነው። ጸበል የሚጠመቅ ታማሚ ጸበሉን ሳያቋርጥ የእግር እንክብካቤውን መከታተል ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ችግሮች ሁሉ የመጀመሪያ ምርመራ በመኖሪያ አካባቢ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። ቤት ለቤት የሚመጡ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እግርን ተመልክተው ምክር ይሰጣሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይልካሉ። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ችግር በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይመራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪውን ከኪሳቸው ሊከፍሉ ስለሚችሉ ከጤና ጣቢያቸው ቢጀምሩ ይጠቀማሉ።

በ2016 ዓ.ም በፒያሳና አካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት ምክንያት መኖሪያቸው ወደ ሌላ አካባቢ የተዛወረ የስኳር ሕመምና የቁስል ክትትል ያላቸው ሰዎች የክትትል ካርዳቸውንና የመድኃኒት ማዘዣቸውን ይዘው ከቀድሞው ጤና ጣቢያ የዝውውር ወረቀት በማውጣት በአዲሱ አካባቢ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ቀድሞ የሚያውቋቸውን ባለሙያ ፍለጋ ከሩቅ መመላለስ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን ጊዜ ያረዝመዋል፤ የሚያመልጥ ቀጠሮም ይበዛል።

ለምርመራ ሲኬድ ዘወትር የሚደረገውን ጫማ አድርጎ መሄድ፣ በቤት ውስጥ የተቀባ ቅባት ካለም ማሸጊያውን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። የጥፍር ቀለም ቀደም ብሎ ይለቀቅ። እንሶስላ የሞቁ ግን ቀለሙ ታጥቦ ስለማይለቅና የቆዳውንና የጥፍሩን እውነተኛ መልክ ስለሚሸፍን መቼ እንደሞቁ ለባለሙያው አስቀድመው መንገር ይኖርባቸዋል።